ብርሃን ሲመሰክር፦ የሞገድ ርዝመት ስለ ምድርና ስለ ጠፈር ምን ያህል ያስረዳናል?

የሰው ልጅ የላከው መሣሪያ ከፀሐይ በቀር የሌላ ኮከብ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ከዋክብት ምን ያህል እንደሚግሉ፣ ከምን እንደተሠሩና ወዴት እንደሚጓዙ ግን እናውቃለን። ይህ ዕውቀት ከሞላ ጎደል የተገኘው ከእነርሱ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ከደረሰ ብርሃን ነው። የገዛ ምድራችንንም ቢሆን፣ የአዝመራውን ይዞታ፣ የሐይቁን አረምና የመሬቱን መሰንጠቅ ዛሬ በስፋት የምንከታተለው ከላይ ሆነው ብርሃን በሚለኩ መሣሪያዎች ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብርሃን ብቻውን ምን ያህል ሊነግረን ይችላል? በነገረንስ ላይ ምን ያህል እንተማመን?

ይህ ዳሰሳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን ምርምር ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል። የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ብርሃን ታማኝ ምስክር ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የሚመሰክረው ለሚያውቀው ጉዳይ ብቻ ነው። እውነቱ የሚወጣው የተለያዩት ሞገዶች ቃል ጎን ለጎን ቀርቦ ሲመሳከርና ሌላ ማስረጃ ሲደግፈው ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን የማያየው ብርሃን

ብርሃን በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው። በሁለት ተከታታይ የሞገድ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ይባላል። ዓይናችን የሚለየው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ገደማ ያለውን ብቻ ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በአጭሩ ጫፍ ሐምራዊ፣ በረጅሙ ጫፍ ቀይ ይገኛል።

ከእነዚህ ጫፎች ባሻገር ብርሃን መኖሩ የታወቀው በ1800 ነው። ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ አልፎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ስፍራ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቀ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ብርሃን እንዲህ ተገኘ። በዓመቱ ዮሐን ሪተር በሐምራዊው ማዶ የብር ክሎራይድ ፈጥኖ ሲጠቁር አየና አልትራቫዮሌትን አገኘ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ጥናት ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ሃይንሪኽ ኸርትዝ በ1887 የራዲዮ ሞገድን፣ ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ኤክስሬይን፣ ፖል ቪላርድ በ1900 ጋማ ጨረርን አከሉበት። በመቶ ዓመት ውስጥ የብርሃን ግዛት ከአቶም ከሚያንስ ርዝመት እስከ ኪሎ ሜትሮች ተዘረጋ። ዓይናችን የሚያየው ከዚህ ሁሉ ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው።

ሌሎች ፍጥረታት ቁራጫቸው ይለያል። ንብ አልትራቫዮሌትን ታያለች፤ ለእኛ ወጥ ቢጫ መስለው የሚታዩን ብዙ አበቦች ለእርሷ የምትቀስመውን የሚጠቁም ምልክት አላቸው። ሳይንስ በመሣሪያ ያደረገው የሰውን ቁራጭ ማስፋት ነው።

የግለት ምስክርነት

ቀጥቃጭ ከከሰል ውስጥ የሚያወጣው ብረት መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ይቀላል፤ ወናፉ ሲበረታ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቪልሄልም ቪን በ1893 ከዚህ ጀርባ ያለውን ሕግ አስቀመጠ። አንድ አካል በጋለ ቁጥር አብዝቶ የሚያወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ በዚያው ልክ ያጥራል። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚግል ብርሃኗ የሚበረታው በ500 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። 3,200 ዲግሪ ገደማ የሚግለው ቤተልጉዝ የተባለው ቀይ ኮከብ አብዛኛውን ብርሃኑን የሚያወጣው በኢንፍራሬድ ነው። የሰው ገላም በ10 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያበራል፤ በጨለማ ሰውን የሚለዩ ካሜራዎች የሚይዙት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሕግ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። የሞገድ ርዝመት ስንመርጥ የምናየውን የግለት ደረጃ እየመረጥን ነው። ከዋክብት የሚወለዱበት ቀዝቃዛ አቧራ በሚሊ ሜትር አካባቢ ባሉ ሞገዶች ያበራል፤ በቺሊ አታካማ በረሃ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት 66ቱ የአልማ አንቴናዎች የተተከሉት ለእርሱ ነው። በሚሊዮን ዲግሪዎች የሚግል ጋዝ ደግሞ ኤክስሬይ ይረጫል።

ይሁን እንጂ ከባቢ አየራችን ሁሉንም አያሳልፍም። የሚታየውንና ብዙውን የራዲዮ ሞገድ ያስገባል፤ ጋማ ጨረርን፣ ኤክስሬይንና አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ያግዳል፤ የውሃ ተኑም ብዙውን ኢንፍራሬድ ይውጣል። ለሕይወት ጋሻ የሆነው ይህ አየር ለተመራማሪው መጋረጃ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ወደ ላይ መላክ ግድ ሆነ። የኤክስሬይ ሰማይን ለመቃኘት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከምሥራቅ አፍሪካ ነው የተነሣችው። በኬንያ የባሕር ጠረፍ ከቆመው የሳን ማርኮ መድረክ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት ቀን ተወነጨፈች፤ ስለዚህም ኡሁሩ (ነፃነት) ተባለች። እርሷ የመረመረችው ሲግነስ ኤክስ-1 የመጀመሪያው አሳማኝ የጥቁር ጉድጓድ ማስረጃ ሆነ።

የመስመሮች ምስክርነት፣ ስሕተቱና እርማቱ

ፈላስፋው ኦጉስት ኮምት በ1835 የከዋክብትን ኬሚካዊ ስሪት ማወቅ ፈጽሞ እንደማይቻል ጽፎ ነበር። ቁልፉ ግን ከዚያ በፊት በሰው እጅ ገብቷል። የጀርመኑ መስታወት ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ብርሃን በጥራት ሲበትን በቀለማቱ መካከል ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮች አይቶ ቦታቸውን መዝግቧል። ምንነታቸውን በ1859 በሃይደልበርግ የፈቱት ጉስታቭ ኪርሆፍና ሮበርት ቡንሰን ናቸው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚያወጣቸውም ሆነ የሚውጣቸው የሞገድ ርዝመቶች የራሱ ብቻ ናቸው። ምክንያቱም በአቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን መቆም የሚችለው በተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ላይ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚቀበለው ወይም የሚሰጠው ብርሃን መጠኑ የተቆረጠ ነው። ጥቁሩ መስመር እንግዲህ የጠፋ ብርሃን ብቻ ሳይሆን የዋጠውን አካል ማንነት የሚያስታውቅ ፊርማ ነው።

የዚህን ምስክርነት ኃይልም ድክመትም በአንድ ዓመት ልዩነት የሆኑ ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ። በ1868 ፒየር ዣንሰን በሕንድ የፀሐይ ግርዶሽ ሲመለከት፣ ኖርማን ሎክየርም በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሲያጠና፣ ከፀሐይ ጠርዝ የሚወጣውን ብርሃን መረመሩ። በውስጡ በ587 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ አንድ ቢጫ መስመር ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለ። ሎክየር አዲስ ንጥረ ነገር ነው አለ፤ ሂሊየም ተባለ። ዊልያም ራምዚ በ1895 ከዩራኒየም ማዕድን ውስጥ አውጥቶ በምድር ላይ እስኪያሳየው ድረስ 27 ዓመት ወሰደ።

በ1869 ግርዶሽ ደግሞ በፀሐይ አክሊል ውስጥ ሌላ እንግዳ መስመር ታየ፤ አረንጓዴ፣ 530 ናኖ ሜትር። በሂሊየም የሠራው አስተሳሰብ እዚህም ተደገመና ኮሮኒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ ተባለ። ለ70 ዓመት ያህል ተፈለገ፤ አልተገኘም። በ1940ዎቹ መባቻ ቫልተር ግሮትሪያንና ቤንግት ኤድሌን ምሥጢሩን ፈቱት። መስመሩ 13 ኤሌክትሮኖቹ የተገፈፉበት ተራ ብረት ነበር። ብረትን እንዲህ ሊገፍ የሚችለው ሚሊዮን ዲግሪ የሚደርስ ግለት ብቻ ነው። የጠፋው ንጥረ ነገር ተረት ሆኖ ቀረ፤ በምትኩ የፀሐይ አክሊል ከፀሐይ ገጽ እጅግ የበለጠ የጋለ መሆኑ ታወቀ። በሁለቱም ጊዜ የብርሃኑ ልኬት ትክክል ነበር። አንደኛው ንባብ ጸንቶ ሌላው የወደቀው በቤተ ሙከራና በንድፈ ሐሳብ ከተፈተነ በኋላ ነው።

ንባብ እንዴት እንደሚከብድ የሚያሳይ ሌላ ታሪክም አለ። ሴሲሊያ ፔይን በሃርቫርድ ሠርታ በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት የከዋክብትን መስመሮች በሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ ቀመር አስልታ፣ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናቸው የሚል ውጤት አገኘች። በዘመኑ ፀሐይ እንደ ምድር የተሠራች ናት ተብሎ ይታመን ስለነበር ታላቁ የከዋክብት ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱን አልተቀበለውም፤ እርሷም በጥናቷ ውስጥ ውጤቱ እውነት ላይሆን እንደሚችል ለመጻፍ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። መስመሮቹ ያለማወላወል መስክረው ነበር፤ ቃላቸውን ለመቀበል የዘገየው አንባቢው ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬም ሕያው ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2022 ከዋስፕ-39 ቢ ፕላኔት አየር ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድን አሻራ በ4.3 ማይክሮ ሜትር ላይ በግልጽ አሳየ፤ ማንም አልተከራከረበትም። በ2025 ግን ኬ2-18 ቢ በተባለችው ፕላኔት ላይ፣ በምድር ሕያዋን የሚያመነጩት ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ምልክት ታየ ሲባል፣ ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ መልሰው መርምረው ማስረጃው የሚጸና አይደለም አሉ። ስለ ሕይወት የሚነገር ትልቅ ዜና ሲመጣ ሂሊየምንና ኮሮኒየምን አብሮ ማሰብ ይጠቅማል።

የተለጠጠ ብርሃን

ብርሃን የሚሰጠው አካል ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዱ ይጨመቃል፣ ሲርቅ ይለጠጣል፤ መስመሮቹም በዚያው መጠን ቦታ ይለቃሉ። ቬስቶ ስላይፈር ከ1912 ጀምሮ በዚህ ዘዴ የጋላክሲዎችን ፍጥነት ለካ፤ አብዛኞቹ እየራቁ ነበር። ዦርዥ ለሜትር በ1927፣ ኤድዊን ሃብል በ1929 ጋላክሲው በራቀ ቁጥር የሚሸሽበት ፍጥነት እንደሚጨምር አሳዩ። ጽንፈ ዓለሙ ራሱ እየሰፋ ነው፤ በውስጡ የሚጓዘው ብርሃንም አብሮ ይለጠጣል።

ይህ መለጠጥ ወደ ኋላ ለማየት ያስችለናል። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1964 በኒው ጀርሲ ግዛት በ7.35 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ላይ ከየትኛውም አቅጣጫ የማይቀንስ የራዲዮ ድምፅ ሰሙ። ይህም ጽንፈ ዓለሙ 380 ሺህ ዓመት ሲሆነው የተለቀቀው ብርሃን ነበር፤ ወደ 1,100 እጥፍ ተለጥጦ ማይክሮዌቭ ሆኖ ነው የተያዘው። ጄምስ ዌብ ካያቸው እጅግ ሩቅ ጋላክሲዎች አንዱ የሆነው ጄድስ-ጂኤስ-ዜድ14-0ም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብርሃኑ የተነሣው ጽንፈ ዓለሙ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ ነው። የሃይድሮጅኑ የ121.6 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት 15 ጊዜ ያህል ተለጥጦ 1.8 ማይክሮ ሜትር ኢንፍራሬድ ሆኖ ደርሷል። ቴሌስኮፑ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከፀሐይ ተከልሎ የሚሠራው፣ የመስታወቱም ግለት ከዜሮ በታች 220 ዲግሪ ገደማ የወረደው፣ የራሱ ሙቀት ይህን ደካማ ብርሃን እንዳይሸፍንበት ነው።

ከአቧራ ጀርባ

የጋላክሲያችን እምብርት 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በመካከል ያለው አቧራ ከዚያ ከሚነሣ የሚታይ ብርሃን የሚያሳልፈው ከትሪሊዮን አንድ እጅ ገደማ ነው፤ 2.2 ማይክሮ ሜትር ያለው ኢንፍራሬድ ግን በብዙ ይሻላል። ራይንሃርድ ገንዘልና አንድሪያ ጌዝ የሚመሯቸው ቡድኖች በዚህ ሞገድ የከዋክብትን ምሕዋር ለአሥርተ ዓመታት ተከታተሉ። አንዷ ኮከብ በ16 ዓመት አንዴ የምትዞረው የማይታይ ነገር ከፀሐይ አራት ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይከብዳል። ለዚህ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በ2022 ደግሞ በዓለም ዙሪያ የተቀናጁ የራዲዮ ቴሌስኮፖች በ1.3 ሚሊ ሜትር የዚያኑ ጥቁር ጉድጓድ ጥላ በምስል አሳዩ። ሁለት የተለያዩ ሞገዶች፣ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ስለ አንድ አካል ተስማሙ። የምሟገትለት መመሳከር ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ነሐሴ 17 ቀን 2017 የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። በ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ሲጋጩ መጀመሪያ የስበት ሞገድ፣ ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ ጋማ ጨረር፣ ቀጥሎም የሚታይ ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ፣ ኤክስሬይና ራዲዮ ደረሱ። ከብረት የከበዱ ብዙ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለ ግጭት እንደሚፈጠሩ የታወቀው ሁሉም ተደምረው ሲነበቡ ነው።

ወደ ምድር ሲዞር

ይኸው ዘዴ ወደ ምድር ሲመለስ ጥቅሙ በቀጥታ ይታያል። ጎርደን ዶብሰን በ1920ዎቹ የሠራው መሣሪያ ሁለት የአልትራቫዮሌት ሞገዶችን ያወዳድራል፤ አንዱን ኦዞን በብርቱ ይውጠዋል፣ ሌላውን ብዙም አይነካውም። ከልዩነታቸው በላያችን ያለው ኦዞን ይሰላል። ጆ ፋርማንና ባልደረቦቹ በ1985 በአንታርክቲካ የኦዞን መሳሳትን ያሳወቁት በዚህ መሣሪያ ነው፤ በሁለት ዓመቱ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ምድር የምታወጣውን ኢንፍራሬድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ በ15 ማይክሮ ሜትር አካባቢ መዋጡም የአየር ንብረት ለውጥ ፊዚክስ መሠረት ነው።

ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው የቅጠል ጉዳይ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግቡ ይውጣል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ኢንፍራሬድ ግን በብዛት ይመልሳል። ሲደርቅ ልዩነቱ ይጠባል። ቨርጂኒያ ኖርዉድ የነደፈችውን መሣሪያ ይዛ በሐምሌ 1972 የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ላንድሳት ይህን ልዩነት ከጠፈር መለካት አስቻለች። በ1977 ዓ.ም. በሀገራችን ከደረሰው ረሃብ በኋላ አሜሪካ በ1985 ያቋቋመችው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከመሠረታዊ መረጃዎቹ አንዱ ያደረገው ይህንኑ የልምላሜ መለኪያ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ የሚይዘውን ስፋት መከታተልም የሚቻለው በዚሁ ነው፤ ውሃ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ይጠቁራል፣ አረሙ ግን ጎልቶ ያበራል።

መሬት ስትንቀሳቀስ ደግሞ ራዳር ይመሰክራል። በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር ተሰነጠቀ። ኤንቪሳት የተባለችው ሳተላይት በ5.6 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ያነሣቻቸው የበፊትና የበኋላ ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ ምድር እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ ቅልጥ ዐለት እንደገባበት ታየ። ጥናቱን ቲም ራይት ሲመራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ተሳትፈውበታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሲነሣም የምድሩን መከፈት የተከታተሉት የራዳር ሳተላይቶች ናቸው።

ምስክርነቱ ግን እዚህም ወሰን አለው። በክረምት፣ ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት፣ ደመና ቀዩንም ኢንፍራሬዱንም ይጋርዳል፤ ደመናን የሚያልፈው ራዳር ደግሞ የቅጠልን አረንጓዴነት አይለይም። በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በበጋም ለምልሞ ስለሚቆይ፣ ግጦሹ የጠፋበትን አርብቶ አደር መሬት ሳተላይቱ ለምለም ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ልምላሜ መለካት እህልና ሣር መለካት ማለት አይደለም። ልዩነቱን የሚያውቀው እዚያው የቆመ ሰው ነው።

የጎደለውና የሚያስፈልገው

ከጠቅላላው ምርምር ሁለት ክፍተቶች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ነው። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በ1970 በሃይድሮጅን ቀይ መስመር የአንድሮሜዳን ሽክርክሪት ሲለኩ በዳር ያሉት ጋዞች ከሚጠበቀው በላይ ይፈጥኑ ነበር፤ የ21 ሴንቲ ሜትር የራዲዮ ልኬቶችም ይህንኑ አጸኑ። ዛሬ ባለው ስሌት ብርሃን የሚሰጠው ወይም የሚውጠው ተራ ቁስ ከጽንፈ ዓለሙ 5 በመቶ ገደማ ነው። ብርሃን ቀሪው መኖሩን አሳውቆናል፤ ምንነቱን ለመንገር ግን አልቻለም።

ሁለተኛው በእጃችን ያለ ነው። ኢትዮጵያ በእንጦጦ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሏት። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 በተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች ምድርን የምትቃኝ ሳተላይት ነበረች። ከ2008 ወዲህ የላንድሳት ምስሎች በነፃ ስለሚሰጡ፣ በሰመራ ወይም በባሕር ዳር ያለ ተማሪ ከማንኛውም ሀገር ተመራማሪ እኩል ያገኛቸዋል። እጥረቱ በአንባቢ በኩል ነው። የሞገድ ርዝመት ትምህርት ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥቶ የጣናን፣ የአዋሽንና የቦረናን ምስል በማንበብ ሊሰጥ ይገባል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ በእርሻው ላይ የሚመዘግበውም ከሳተላይቱ ልኬት ጋር የሚመሳከርበት ቋሚ ሥርዓት ያስፈልጋል። ሂሊየምን ከኮሮኒየም የለየው ፈተና እዚህም ያው ነው። ከላይ የተለካው ከታች ሲረጋገጥ ብቻ ሀገር ውሳኔ ልትመሠርትበት ትችላለች።